የጥር ግልገል

ባሌ ፖሊዶሮስ ውሸታም አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ እሱን የሚያስወቅስ ነው፣ እኔ ደግሞ ከተናደድኩ አፌን የሚመልሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የገደሉ ጠባቂ ሆኖ ሲሠራ ያላየውን አየሁ ብሎ አያውቅም። በዕድሜው የዋሸው አንድ ውሸት ነው። ለራሱ ብሎ የዋሸው ቢሆን ይቅር ባልኩት ነበር።

ገደሉ የሚጀምረው ከመንደራችን ከካሎላኮስ በላይ ነው። አግሪሚ የምንለው የዱር ፍየል የሚኖረው እዚያ ነው፤ በደሴታችን በክሬታ ላይ ካልሆነ ሌላ ቦታ የለም፣ አለ የሚባለውም ከዚሁ ተይዞ የተወሰደ ነው። ፖሊዶሮስ የላይኛውን ወገን ይጠብቃል። ጠዋት ደረቅ የገብስ ዳቦና ወይራ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ይወጣል፣ በሆዱ ተኝቶ በአቅራቢ መነጽር ሲያያቸው ይውላል፣ ማታ ጉልበቱን እያሸ ይመለሳል። እያንዳንዷን በቀንዷ ያውቃታል። ስምም አውጥቶላቸዋል፦ መነኩሲቷ፣ አንካሳው ዳኛ፣ ሐሜተኛዋ። የእኔን ልደት አንድ ቀን አስታውሶ አያውቅም፤ ሐሜተኛዋ ስንት እንደወለደች ግን ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል።

የፍየል ሥጋ ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኛ አገር ያለ ፍየል ቅቅል ሰርግ የለም፤ እሱ ሩዙን ብቻ ይበላል። «ፖሊዶሮስ፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ዘመድህ ነው እንዴ?» ይሉታል። እኔንም አይምሩኝም። «ኤርጊና፣ ጣውንትሽ ጢም አላት አሉ!» ይሉኛል።

«ከእናንተ ጢም የእሷ ያምራል» እላቸዋለሁ።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ። የባሌ ቤተሰብና የቴዎሃሪስ ቤተሰብ በበግ ስርቆት ደም ተቃብተው ነበር። የአገሬ በሽታ ይህ ነው። እነሱ የኛን ሰረቁ፣ የኛዎቹም የነሱን ሰረቁ፣ መጨረሻ ላይ የቴዎሃሪስ አጎት የባሌን ታላቅ ወንድም አንድሩሊስን ጭኑ ላይ በጥይት መታው። አንድሩሊስ እስከ ዛሬ ያነክሳል። ቀጥሎ የሚሞተው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ እየጠበቀ ሳለ ቄሱ መሐል ገቡ። እኔ ያኔ የሦስት ወር ሴት ልጅ ታቅፌያለሁ። «ቴዎሃሪስ ክርስትና ያንሳት» አሉ። አነሳት። ቅባት የነካ እጁን ጎንበስ ብዬ ሳምኩ፣ ደሙም እዚያው ቆመ። ይኸው ሃያ ስምንት ዓመት።

እኛ ዘንድ አበልጅ ከወንድም ይበልጣል። ወንድምህን ከስሰህ ልታሳስር ትችላለህ፤ በአበልጅህ ላይ ግን አትመሰክርም። ቢሰርቅ አላየህም፣ ቢገድል አልሰማህም። አልክድም፣ ልጄ ጋሪፋሊያ አድጋ ነርስ የሆነችው በዚህ ሰላም ውስጥ ነው።

የዛሬ ሦስት ዓመት በጥር፣ ተራራው በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ፖሊዶሮስ ገና ከቀትር በፊት ተመልሶ መጣ። ቦርሳውን ስፈታው ዳቦው አልተነካም።

«አመመህ?» አልኩት።

«ግልገል አየሁ።»

«የምን ግልገል?»

«መነኩሲቷ ወልዳለች። ሴት ናት። ገና እርጥብ ናት፣ እግሯ ይንቀጠቀጣል።»

እኔ የጠባቂ ሚስት ነኝ፣ ይህን ማንም አያስረዳኝም። አግሪሚ የምትወልደው በሚያዝያ ነው። በብርድ የምትወልደው የቤት ፍየል ናት። ግልገል በጥር ተወለደ ማለት በነሐሴ የሰው አውራ ፍየል ገደሉ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው፣ ደሙ ተደባልቋል ማለት ነው። ይህ ደግሞ ከጥይት ይብሳል። ጥይት አንዷን ይገድላል፤ ደም ከተደባለቀ ግን ፍየሉ ተራራው ላይ እየዘለለ አግሪሚ የሚባለው ያልቃል።

«አውራውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ጆሮውንስ?»

ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፍታት ጀመረ። እዚህ እያንዳንዱ ቤት ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው የጆሮ ምልክት አለው፤ ሁሉም የከብቱን ጆሮ እንደዚያ ይቆርጣል፣ ሁሉም የሌላውን ያውቃል።

«ቀኙ ጫፉ ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ» አለ በመጨረሻ፣ «ግራው ከሥሩ የተቦጨቀ።»

የቴዎሃሪስ ነው። ካሎላኮስ ውስጥ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

«ሂድና ለቢሮህ ንገር» አልኩት። «ሳይቃጠል በቅጠል።»

«አበልጄ ነው ኤርጊና።»

«እንግዲያው ሂድና ለራሱ ንገረው። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፣ አንተ ብቻህን ከሄድክ ይቅርታ ጠይቀኸው ነው የምትመለሰው።»

በማግሥቱ ሄድን። ቴዎሃሪስ የድንጋይ ጎጆው ውስጥ ወተት ጥዶ አይብ ይሠራል። ትልቅ ሰው ነው፣ ሳቁም ትልቅ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚጠላ ሰው አይደለም፤ እሱም ነው አንጀቴን የሚያሳርረው።

«አበልጆቼ! ግቡ፣ ግቡ! ልጄ ደህና ናት? እንግዲህ ነርስ አሳድጌያለሁ፣ ስታመም በነጻ ነው የምትወጋኝ!» የወይን አረቄ ቀዳልን።

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «አበልጅ፣ አንዱ አውራህ ወደ ገደሉ ሳይገባ አልቀረም።»

«ሳይገባ አልቀረም? እኔ ነኝ እንጂ ያስገባሁት!»

«አንተ?»

«በነሐሴ፣ በእጄ። የመንጋዬ ቀንድ እኮ አንሶ አንሶ የበግ መሰለ። ግልገሎቹ ጠና ሲሉ በጨው ጠርቼ አወርዳቸዋለሁ። አመላቸው የእኔ አውራ፣ ቀንዳቸው የአግሪሚ! አስበው እስቲ፣ በፋሲካ መንደር ውስጥ ስነዳቸው!»

«አይሆንም አበልጅ። ደሙ ይደባለቃል። የቀሩት ስንት እንደሆኑ ታውቃለህ?»

«ኧረ ወዲያ! ፍየል ፍየል ነው። አንተ ደግሞ የንጉሥ ዘር አደረግሃቸው።»

«አውጣው» አልኩ እኔ።

«ከግልገሎቹ ጋር አወጣዋለሁ። ለፋሲካ።»

«ነገ ለምን አይሆንም?»

«እቴ! እሳት ጎርሰሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» ሳቀ። «በልጃችን ይሁንብኝ፣ ለፋሲካ። በይ አረቄሽን ጠጪ፣ ይበርድሻል።»

ስንወጣ ሙሉ አይብ በጨርቅ ጠቅልሎ አሸከመን። ተሸክመን ወረድን። ያንን አይብ ሳምንት ሙሉ በልተነዋል፣ ጥሩ አይብ ነበር፤ ትዝ ሲለኝ አሁንም ደሜ ይፈላል።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። አውራው አልወጣም። ፖሊዶሮስ ሁለተኛ ሄዶ ለመነው፣ ሦስተኛ ሄዶ ለመነው። «ለመስቀል»፣ «ለገና»፣ «ይኼ ብርድ ይለፍና»። በሁለተኛው ዓመት ጥር አራት ግልገሎች ተወለዱ። በሦስተኛው ዘጠኝ። ከዘጠኙ አንዷን የወለደችው ያቺው የመጀመሪያዋ የጥር ግልገል ነበረች፣ አድጋ።

«ገድሎ ቢጥለውስ?» የሚል ይኖራል። የአበልጅን ከብት መግደል ስርቆት ነው፣ ስርቆት ደግሞ የአንድሩሊስ ጭን ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ።

የማላውቀው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን የቆጠራ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ገለጥኩት። ግልገሎቹ በሙሉ ተጽፈዋል፤ የተወለዱበት ወር ላይ፦ ሚያዝያ፣ ሚያዝያ፣ ሚያዝያ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ሆድ ይፍጀው።»

«የቱ ሆድ? ያንተ ሆድ? ሆድህ እኮ ዳቦ እንኳ መፍጨት አቅቶታል!»

«ጥር ብዬ ብጽፍ አውራ ይፈልጋሉ። አውራውን ካገኙ ጆሮውን ያያሉ። ጆሮውን ካዩ እኔ ነኝ የመሰከርኩበት።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ ፖሊዶሮስ።»

ደብተሩን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። እኔስ ምን አደረግኩ? ሄጄ ተናገርኩ? አልተናገርኩም። እኔም የዚያን ሰው እጅ ስሜያለሁ፣ እኔም ሁለት ዓመት ከምናምን አፌን ዘጋሁ፣ ስጮህ የነበረው በገዛ ወጥ ቤቴ ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማንም በላይ የምናደደው በማን እንደሆነ ገብቷችኋል።

ከዚያ ዶክተር ኢሲዶራ መጣች፣ ከከተማ የተላከች የዱር አራዊት አጥኚ፣ ቀጭን ሴት። በጸደይ የአግሪሚ በጠጥ በትንንሽ ጠርሙስ ለቅማ ሄዳ ነበር፤ በነሐሴ ውጤቱን ይዛ ተመለሰች። የላይኛው ወገን ደም ተደባልቋል። እቤታችን ቁጭ ብላ በትሕትና ነው የነገረችው። «አቶ ፖሊዶሮስ፣ አውራውን እንፈልገው። ጆሮው ባለቤቱን ይነግረናል፣ ባለቤቱ መቼ እንዳስገባው ይነግረናል። ከዚያ በፊት የተወለዱት ንጹሕ ናቸው ማለት ነው፣ እነሱን አንነካቸውም።» ከነገ ወዲያ ሊፈልጉ ተቀጣጠሩ።

በማግሥቱ ፖሊዶሮስ ጨው ይዞ ብቻውን ወጣ። ሲመለስ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። «እሾህ ቧጨረኝ» አለ። እኔ እንደ ልማዴ የዳቦ ፍርፋሪ ላራግፍ ቦርሳውን ገለበጥኩት፤ ሁለት ጆሮ ወለሉ ላይ ወደቀ። አንዱ የተሰነጠቀ፣ አንዱ የተቦጨቀ።

 እኛ አገር ጆሮ የሚቆርጠው ሌባ ነው። የሰው በግ ነድቶ ምልክቱ እንዳይነበብ ጆሮውን የሚጎምደው ሌባ ነው! ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ቅጠል ያልነካ ሰው የሌባ ሥራ ሠርቶ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሟል።

«ምን ቆርጦህ ነው?» አልኩት።

«በእኔ አፍ አይወጣም» አለ። «ሌላው እንደፈለገ ይሁን። ጣያቸው።»

«እሺ» አልኩት። አልጣልኳቸውም። ጨው ነስንሼ ማሰሮ ውስጥ ከተትኳቸው፣ በወይራው ኋላ ደበቅኳቸው። በማግሥቱ እሱና ዶክተሯ አውራውን ጆሮ ሳይኖረው አገኙት።

በዚያው ሳምንት እሑድ መንደሩ ቡና ቤት ተሰበሰበ። እዚያ ሴት አትቀመጥም፤ እኔ በር ላይ ቆምኩ። ዶክተሯ መሐል ቆማ ተናገረች።

«የአውራው ጆሮ ቁስል ትኩስ ነው። አንድ ሰው ቀድሞናል። ማንም ይሁን ማን፣ ውጤቱን ልንገራችሁ። በላይኛው ወገን ስድሳ ሁለት አሉ። መዝገቡ ሁሉም በሚያዝያ ተወለዱ ይላል። አውራው ከስንት ዓመት በፊት እንደገባ ካላወቅን የትኛው ንጹሕ እንደሆነ መለየት አንችልም። በሽታ እንደገባበት መንጋ ነው፣ ሁሉም ይወገዳሉ።»

«ይወገዳሉ ማለት?» አለ አንዱ።

«ይተኮሳሉ።»

ወደ ባሌ ዞረች። «አቶ ፖሊዶሮስ፣ እርስዎ በየቀኑ እዚያ ነዎት። ምንም አላዩም?»

ፖሊዶሮስ ቆቡን በእጁ ይዟል። «አላየሁም» አለ።

ቴዎሃሪስ ከሱ ቀጥሎ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል። ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ እንጃ። ስድሳ ሁለት! መነኩሲቷ፣ አንካሳው ዳኛ፣ ሐሜተኛዋ፣ ገና የተወለዱት ሁሉ። ሁለት ትልልቅ ወንዶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዳቸው ለሌላው ክብር ሲሉ ተራራ ባዶ ሊያስቀሩ ነው። ቤቴ ሄጄ ማሰሮውን ይዤ ተመለስኩ።

በሩን አልፌ ገባሁ። ባሌ ማሰሮውን አወቀው። «ኤርጊና፣ ተመለሺ» አለ።

«ሠላሳ ዓመት ተመልሻለሁ፣ ዛሬ አልመለስም።» ማሰሮውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። ጆሮዎቹ ከነጨዋቸው ወጡ።

 ማንበብ የማይችል ሽማግሌ እንኳ ያንን ያነባል።

አንድሩሊስ በከዘራው ወለሉን መታ። «የእኔን እግር ረሳሽው?»

«አልረሳሁም ወንድሜ። በየቀኑ ስታነክስ አያለሁ። የፍየሎቹን እግር ግን ማንም አላየም።» ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞርኩ። «በጥር የተወለዱት አሥራ አራት ናቸው። ሦስት ዓመት አልፎታል። ባሌ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ሚያዝያ የሚለው ውሸት ነው፣ የጻፈውም ለጥቅሙ አይደለም።»

ቴዎሃሪስ ተነሳ። እንደሚመታኝ ነበር የገመትኩት። ጆሮዎቹን አንስቶ ጨዋቸውን አራገፈና ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። «የእኔ ናቸው» አለ። «ሦስት ዓመት አልፎታል፣ በነሐሴ ነው ያስገባሁት።» ከዚያ እኔን ሳያይ ወደ ባሌ ዞረ። «አበልጅ፣ አንተ ቃልህን ጠብቀሃል። ያፈረሰችው ሚስትህ ናት። ሴት ናት፣ አልቆጥረውም።»

ደምም አልፈሰሰም። ሴት ስለሆንኩ ቃሌ ከቃል አልተቆጠረም፣ ያዳነን ይኸው ንቀታቸው ነው። አመሰግናለሁ ልበል? አልልም። ዛሬም ሁለቱ ቡና ቤት አብረው ይቀመጣሉ፤ እኔ በመንገድ ሳልፍ ቴዎሃሪስ ፊቱን ያዞራል። ለጋሪፋሊያ ስልክ ደውዬ ስነግራት ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። «እማ» አለችኝ፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ስትጠብቂ ነበር?» ብቻ።

በጥቅምት፣ የመራቢያቸው ጊዜ ሳይደርስ፣ ሁለት ተኳሾች መጡ። የትኞቹ እንደሆኑ የሚያውቅ ፖሊዶሮስ ብቻ ስለሆነ ጠቋሚው እሱ ሆነ። አራት ቀን ወጣ። ከዚያ ስብሰባ ጀምሮ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ ጠዋት ቦርሳውን አዘጋጅለታለሁ፣ ያነሳል፣ ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ገና ከቀትር በፊት ተመልሶ መጣ። ቦርሳውን ስፈታው ዳቦው አልተነካም።

«አለቁ» አለ። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አርባ ስምንቱ ግን አሉ» አልኩት።

«የጥሯ ግልገል የመጨረሻ ነበረች። ልጇ ከኋላዋ ነበር። ሌሎቹ ድምፃችንን ሲሰሙ ሽቅብ ተበተኑ። እሷ አልሮጠችም። ጨው የያዝኩ መስሏት ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እጄን አሸተተችኝ።» ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አየው። «ብትሮጥ እኮ አግሪሚ ናት እላቸው ነበር። እዋሽላት ነበር፣ ኤርጊና።»

ያን ጊዜ ማባበል የሚገባኝ ነበር። አልቻልኩም። «የዛሬ ሦስት ዓመት አንዲት ነበረች፣ ሰውዬ!» ብዬ ጮህኩበት። «አንዲት! በቦርሳህ ይዘሃት ልትወርድ ትችል ነበር! ለአበልጅህ ብለህ አሥራ አራት አደረግሃቸው፣ እኔም አይብ እየበላሁ አየሁህ!»

«አውቃለሁ» አለ።

ደብተሩን ከመደርደሪያው አውርጄ ፊቱ ዘረጋሁለት፣ እስክሪብቶ አቀበልኩት። አላንገራገረም። ከኋላ ጀመረ፤ ሚያዝያ የሚለውን ሰርዞ ጥር ይላል፣ ገጹን ይገልጣል፣ ሚያዝያ የሚለውን ሰርዞ ጥር ይላል። አጠገቡ ቆሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስቱን ጨርሶ የመነኩሲቷ የመጀመሪያ የጥር ግልገል ያለችበት ገጽ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ጻፍ» አልኩት።

ጻፈ።